ቡና የማይቀዳው ጀበና

ወደ ቡና አገር የወጣ ሰው የሲሚንቶ ጀበና ሳያይ አይመለስም። አደባባይ መሀል ይቆማል፤ ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም ይቀባል፤ ከሥሩ ሁለት ሦስት ትልልቅ ሲኒዎች ይደረደሩለታል፤ በጀቱ ሲፈቅድ ደግሞ ውሃ ይፈስበታል (በተመረቀበት ሰሞን ማለታችን ነው)። በጀበናው ላይ ቂም የለንም። ከተማ መለያ ሲያምረው የሚያውቀውንና የሚወደውን ያቆማል። ጅማና አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ከዚያም ወዲያ በደሌና ቦንጋ ከቡና የበለጠ ምን የሚያውቁት ነገር አለ?

ቅሬታችን የሚጀምረው ከጀበናው ዓይናችንን አንስተን ዙሪያውን ስንቃኝ ነው። አካባቢውን የከበቡት አዳዲስ ሕንፃዎች ፊታቸው መስታወት፣ ወገባቸው አሉሚኒየም፣ ጀርባቸው ያልተለሰነ ብሎኬት ነው። ነቅለን አዳማ ወይም ደብረ ብርሃን ብንተክላቸው ማንም «ከጅማ የመጡ ናቸው» አይልም። ወደ ውስጥ ስንገባ ከኮንቴይነር የወረደ ሶፋና የእንጨት መልክ የተለጠፈበት የችፑድ ጠረጴዛ ይቀበለናል። ጠረጴዛው ውሃ ከፈሰሰበት በሳምንቱ እንደ እርሾ ይነፋል። ባለቤቱን ስንጠይቀው «ዘመናዊ ነው» ይለናል።

ወዳጆቻችን፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ነው። ቤትና የቤት ዕቃ ከደን፣ ከአፈርና ከዝናብ ጋር ተመካክረው የሚሠሩበት ጥበብ በነበረበት አገር ቅርጹን ወስደን ብልሃቱን ጣልን። ከብልሃቱ ጋር ደግሞ ብልሃተኛውን ጣልነው። እኛን የሚያሳስበን ይኸኛው ነው።

ጀበናው ምን ያውቃል?

እስቲ ጀበናን ከጌጥነት አውጥተን እንደ ዲዛይን ሥራ እንየው። ሆዱ ድቡልቡል ስለሆነ ፍሙ ላይ ሲጣድ ሙቀቱ ዙሪያውን ይዳረሳል። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እንፋሎቱ ቶሎ አምልጦ አያልቅም፤ ቡናው ሲገነፍልም ሽቅብ ወጥቶ ራሱ «ደርሻለሁ» ይላል። ከእሳት ወርዶ ማቶቱ ላይ ሲያርፍ አተላው ሆዱ ውስጥ ይዘቅጣል። የወረቀት ማጣሪያ ሳያስፈልገው፣ ኤሌክትሪክ ሳይጠይቅ፣ ከመንደሩ አፈር የተሠራ ማሽን ማለት ይኼ ነው። እያንዳንዱ ቅርጽ የሚሠራው ሥራ አለው። ያንን ቅርጽ በሲሚንቶ አሳብጠን አደባባይ ስናቆመው ሥራው ሁሉ ይቀርና መልኩ ብቻ ይተርፋል። የሲሚንቶው ጀበና ቡና አይቀዳም።

የቡና ገበሬውም ሌላ ትምህርት አለው፤ የማድረቂያው አልጋ። ቡና መሬት ላይ ሲደርቅ እርጥበትና የአፈር ሽታ ይይዛል። ስለዚህ እንጨት ተተክሎ፣ በላዩ ሽቦ ወይም ቀርከሃ ተወጥሮ ቡናው ከመሬት ከፍ ይላል፤ ነፋስም ከላይና ከታች ያገኘዋል። የድሮው ጎተራ በእግሮች ላይ የሚቆመውም ለዚሁ ነው፤ እርጥበትና አይጥ እንዳያገኙት። እርጥብ አገር ላይ ቤት ለሚሠራ መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ ነፃ ትምህርት ከየት ይመጣል? ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። የዚያ አገር ገበሬ ቡናውን ከእርጥበት የሚያድንበትን ብልሃት ሲያውቅ፣ የዚያው አገር ከተማ ምድር ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ፎቅ ይሠራል።

ሦስት እግር

አሁን ወደ ወንበሩ እንምጣ። የጅማ ወንበር የሚባለው ባለ ሦስት እግር ሥራ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ ነው። በርጩማም አለው፣ መደገፊያ ያለው ትልቅ ወንበርም አለው። በርጩማን እንኳ አማርኛውም ኦሮምኛውም በአንድ ስም ነው የሚጠሩት። ሚስማር የለበትም፣ ኮላ የለበትም፣ መገጣጠሚያ ስለሌለው የሚላላ መገጣጠሚያም የለውም። መቀመጫው እንደ ሰሃን ጎድጎድ ይላል፤ የተሠራው ለሰው ገላ ነዋ።

ሦስት እግር የሆነው ለምንድን ነው? ባለ አራት እግር ወንበር ጭቃ ወለል ላይ ስናስቀምጠው አንደኛው እግር መሬት ሳይነካ ይቀርና ሲያንገዳግደን ይውላል። ሦስት ነጥብ ግን ወለሉ ቢጎረብጥም ሁልጊዜ መሬት ይይዛል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ሦስት እግር ላይ የሚያቆመው ለዚህ ነው። እናቶቻችን ድስቱን ሦስት ጉልቻ ላይ የሚጥዱትም ለዚሁ ነው። እንዲያውም ትዳር መያዝን «ሦስት ጉልቻ መመሥረት» እያለ የሚናገር ሕዝብ የጂኦሜትሪውን ምስጢር ቀድሞ ገብቶታል ማለት ይቻላል።

እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ዋንዛ ነው። ኦሮምኛው ወዴሳ ይለዋል። ለመጥረቢያና ለመሮ የሚመች፣ ምስጥን በመቋቋም የታወቀ፣ ቀለሙም የሚያምር እንጨት ነው። ከዚያ በፊት ግን ዋንዛ የቡና ጥላ ነው። ከሰሳ፣ ከብሳናና ከብርብራ ጋር ሆኖ ቡናውን ከፀሐይ ይከልላል፤ ነጩ አበባው ለንብ ነው፤ የሚያጣብቀው ጣፋጭ ፍሬው ለሕፃናት ነው። ስለዚህ የጅማ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው ከሲኒውም ከመቀመጫውም የሚያገኘው ያንኑ አንድ ደን ነው።

ይህ ጥበብ የድሃ ቤት ማብቃቂያ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር በንግድና በቡና የበለጸጉ ንጉሥ ነበሩ። ከከተማው መሀል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው የእንጨት ሥራ ነው። ሰፊ ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ይወጣል፣ ዙሪያውን በረንዳ አለው፣ እርከኑ በእንጨት መከታ ተከልሏል። ጣሪያው ወጣ ያለው ለማማር ብቻ አይደለም። ዝናቡ እንጨቱን እንዳይመታው፣ ፀሐዩም ግድግዳውን እንዳያግለው ጥላ ይጥላል። በጅማ ሙዚየም ከንጉሡ ንብረቶች መካከል እነዚያ ከአንድ ግንድ የተጠረቡ ትልልቅ ወንበሮች ይታያሉ። ንጉሥ የተቀመጠበትን ወንበር እኛ «የገጠር ነው» ብለን ከሳሎናችን አስወጣነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይሏል እንዲህ ነው።

ለቱሪስት ጎጆ፣ ለእኛ መስታወት

«ኧረ ባህላዊ ዲዛይን አሁን ፋሽን ሆኗል» የሚሉን ይኖራሉ። እውነት ነው፣ ፋሽን ሆኗል፤ ግን የት? ሎጅ ውስጥ። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሐይቅ ወይም ደን ዳር፣ ጎጆው በሣር ተከድኖ፣ ወንበሩ ከዋንዛ ተጠርቦ፣ አጥሩ ከቀርከሃ ተሠርቶ ይጠብቀናል። እዚያ አንድ ሌሊት የሚያድር እንግዳ የሚከፍለው ገንዘብ ጠራቢው በስንት ወር እንደሚያገኘው አስሉት። እንግዳው «ተፈጥሮን» ሊኖር ከከተማ ይመጣል፤ የከተማው ነዋሪ ደግሞ ፀሐይ ሲወጣ እንደ ምጣድ በሚግል የመስታወት ቢሮ ውስጥ ቬንቲሌተር ከፍቶ ይሠራል። የሚከፈት መስኮት የሌለው፣ ጥላ የሚጥል ጣሪያ የሌለው ሕንፃ በሞቃት ቀን ሌላ ምን ምርጫ ይሰጣል?

ጅማ ለፕላን አዲስ አይደለችም። የዛሬዋ ጅማ ከሂርማታ ገበያ ዙሪያ የበቀለች ናት። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ጣሊያኖች ከተማዋን የአንዱ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገው የራሳቸውን መንገድና ሕንፃ ዘረጉባት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት ጅማንም ደርሷል። መንገድ ሲሰፋ፣ የእግረኛ ቦታ ሲነጠፍ፣ መብራት ሲተከል ደስ ይለናል። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ በዚህ ሁሉ ግንባታ ውስጥ ከጅማ ምን አለ? አግዳሚ ወንበሩን ማን ሠራው? የአውቶቡስ መጠለያው ጣሪያ የጅማን ዝናብ ያውቀዋል? ወይስ መልሱ እንደተለመደው አንድ ጀበና ነው?

ሌሎቹ ምን አደረጉ?

ነገሩ የማይቻል እንዳይመስለን ትንሽ ወጣ ብለን እንመልከት። የቡርኪናፋሶው ተወላጅ አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ ተወልዶ ላደገበት የጋንዶ መንደር እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ ከተቀላቀለበት ከመንደሩ ሸክላ አፈር ነው። ቆርቆሮውን ግን ኮርኒሱ ላይ በቀጥታ አልጫነውም፤ በብረት ከፍ አድርጎ አቆመው። በመሀል ነፋስ ያልፋል፣ የጋለው አየር ይወጣል፣ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 የአርክቴክቸር ኖቤል የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነበር። የጅማ ቤት ሁሉ ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ሲሆን ያግላል፣ ዝናብ ሲሆን እንኳን አስተማሪ ሊሰማ የጎረቤት ጭቅጭቅም አይሰማም። እስቲ ይህን ብልሃት ከእኛ የማድረቂያ አልጋ ጋር አነጻጽሩት፤ ነፋስ ከላይና ከታች! ገበሬዎቻችን ያወቁትን ኬሬ ጣሪያ ላይ ሠራበት።

በሐራሬ ደግሞ አርክቴክት ሚክ ፒርስ ያቀደው ኢስትጌት የተባለ የገበያና የቢሮ ሕንፃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀው ይህ ሕንፃ ሐሳቡ ከምስጥ ኩይሳ የተወሰደ ነው። በተለመደው ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ ፈንታ በሌሊቱ ቀዝቃዛ አየርና በወፍራም ግንቡ ቀኑን ይቋቋማል። ኩይሳ እኮ እኛ አገር ሞልቷል። እኛ ግን ምስጥን የምናስታውሰው ቋሚውን ሲበላብን ብቻ ነው።

ከራሳችን አገርም እንጥቀስ። የዶርዜ ሰዎች ከቀርከሃ የሚሸምኑት ረጅም ቤት የዝሆን መልክ አለው፤ ከፊት ለፊቱ እንደ ግንባር ወጣ ይላል፣ ከላዩም እንደ ዓይን ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። ቁም ነገሩ ግን ከመልኩ በታች ነው። ሥሩን ምስጥ ሲበላው ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም፤ ሲያስፈልግም ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል። አሠሪው ምስጥ እንደሚመጣ አስቀድሞ አውቆ ቤቱን ረጅም አድርጎ ጀመረው ማለት ነው። አዲስ አበባ መካኒሳ ደግሞ አርቲስት ኤልያስ ስሜና አንትሮፖሎጂስት መስከረም አሰግድ የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ይህ ቦታ በጭቃና በጭድ የተሠራ ነው፤ ግድግዳውም በእጅ የተቀረጸ ነው። ጭቃ የድህነት ምልክት ነው ብሎ ያደገ የከተማ ልጅ እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ያው ጭቃ ነው፤ የተለየው የተሰጠው ክብር ነው።

ናፍቆት ብቻ አይበቃም

እዚህ ላይ ራሳችንን እንግታ። ስለ ባህል የሚጻፍ ጽሑፍ ቶሎ ወደ ዘፈን ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ ዘፈን ልንጽፍ አልተነሣንም።

አንደኛ፣ የሣር ጎጆ ጭስ ነበረበት። ያ ጭስ ጣሪያውንና ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቅ ነበር፤ ያው ጭስ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ጎድቷል። ማንም እናት ለጣሪያ ስትል ጭስ ውስጥ እንድትኖር አንፈልግም። ግን እሳቱ ከቤት ሲወጣ ጣሪያውን የሚጠብቀው ነገር አብሮ እንደሚወጣ ማወቅ አለብን። ያኔ ለእንጨቱና ለቀርከሃው ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል፤ የቦራክስና የቦሪክ አሲድ ውህድ ለቀርከሃ በብዙ አገር ተለምዷል። ብልሃትን መውሰድ ማለት እንዲህ ነው፤ ጭሱ የሚሠራውን ሥራ ለይቶ፣ ሥራውን ለሌላ ነገር ሰጥቶ፣ ጉዳቱን ማስቀረት።

ሁለተኛ፣ ይህ መራራ ነው፤ ከአንድ ግንድ የሚጠረበው ወንበር እንጨት ያባክናል። ትልቅ ግንድ ገብቶ አንድ ወንበር ይወጣል፣ የቀረው ፍቅፋቂ ሆኖ ይነድዳል። ደኑ ሞልቶ በተረፈበት ዘመን ይህ ጥያቄ አልነበረም። ዛሬ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ (ቁጥር 94/1986) ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ በስም ከጠራቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነበር፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ነበሩ። ስለዚህ «ሁላችንም የጅማ ወንበር እንግዛ» ብለን ዘመቻ ብንጀምርና ቢሳካልን፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቡናውን ጥላ አልባ አድርገን እናርፋለን። ሦስተኛም አለ፤ ሦስት እግር ለጎርባጣ ወለል የተፈጠረ ነው፣ ሴራሚክ ላይ ያ ጥቅሙ ይቀርና ወደ ጎን ሲደገፉበት የመገልበጥ ጠባዩ ብቻ ይቀራል።

ታዲያ ምን ቀረ? ብዙ። የመቀመጫው ጎድጓዳ ቀርቷል፤ የቁመቱ ልክ፣ የመስመሩ ቅርጽ፣ እንጨቱን ሳይሸፍኑ ማሳየቱ ቀርቷል። ግንድ ከማባከን ሰንጥቆ ማገጣጠም ይቻላል። ቀርከሃም አለልን። አገራችን ከአፍሪካ በቀርከሃ ሀብት ቀዳሚ ከሆኑት ናት፤ የደጋው ቀርከሃ በሸካና በማሻ በኩል ደን ሆኖ ይበቅላል። አንድ የቀርከሃ ግንድ ለሥራ የሚደርሰው በ3 ዓመት ገደማ ነው፤ ሲቆረጥም ከሥሩ ሌላ ይወጣል። ከፋና ጌራ ውስጥ ንብ አርቢው ረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅለውን ድቡልቡል ቀፎ ያየ ሰው፣ ከዚያ ሽመና የመብራት ሽፋን፣ የጣሪያ ኮርኒስ፣ የክፍል መለያ እንደሚወጣ ለመገመት ዲግሪ አያስፈልገውም።

እጁ የማን ነው?

እስካሁን ስለ እንጨት አወራን። አሁን ስለ ሰው እናውራ።

ይህ አገር የእጅ ሥራን እየተጠቀመ ሠሪውን ሲንቅ የኖረ አገር ነው። ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸማኔውን ምን ብለን እንደምንጠራቸው ሁላችንም ሰምተን አድገናል፤ ስድቡን እዚህ አንደግመውም። በጉራጌ ያንን የሚደነቅ ትልቅ ጎጆ ምሰሶ ቆርጠው የሚያቆሙት «ፉጋ» እየተባሉ የሚገለሉት ባለሙያዎች ነበሩ፤ ያቆሙት ቤት ሲያልቅ ግን እንደ ሰው በሩን አልፈው እንዲገቡ አይፈቀድላቸውም ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት። ምሰሶውን ላቆመ ሰው ደጁ ተዘጋ። በከፋም ማንጆ የሚባሉት የማኅበረሰብ ክፍሎች ከሌላው ጋር አንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ተገልለው ኖረዋል፤ ደኑን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ ግን ማን ነበር?

የጅማ ወንበር በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ በስሙ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ለዕይታ ሲቀርብ ከሥሩ የአገሩ ስም ይጻፋል፣ ዘመኑ ይገመታል፣ እንጨቱ ይጠቀሳል። የጠራቢው ስም ግን የለም። ጥፋቱ የፈረንጁ ብቻ አይደለም፤ እኛም አልጻፍነውም። ከጠራቢው በርጩማ የሚገዛ የከተማ ነጋዴ «ባህላዊ ዕቃ» ብሎ በእጥፍ ሲሸጠው ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን እጅ እንደመጣ አይናገርም። እኛ ገዢዎቹም አንጠይቅም። ከዚያ የጠራቢው ልጅ መጥረቢያውን ጥሎ ባጃጅ መንዳት ሲጀምር «ባህላችን እየጠፋ ነው» ብለን እናዝናለን። ልጁ ትክክል ነው። አባቱ የማይከበርበትንና የማያበላውን ሙያ ለምን ይወርሳል?

«ከተፈጥሮ የተቀዳ ዲዛይን» የሚባለውን ቃል የምንፈራው ለዚህ ነው። ቃሉ ደስ ይላል፤ ግን በተፈጥሮና በዲዛይኑ መሀል ያለውን ሰው ይዘለዋል። ዋንዛ ራሱ ወንበር አይሆንም፤ ቀርከሃ ራሱ ቤት አይሠራም። ደኑን አጥንቶ ወደ ዕቃ የተረጎመው ሰው አለ፤ እሱን ሳይጠቅሱ ቅርጹን መውሰድ በትልቅ ስም የተጠራ ትንሽ ስርቆት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

«መንግሥት ትኩረት ይስጥ» ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር። እኛ ግን ጠበብ ያሉ አራት ነገሮች አሉን።

ዋንዛ የሚተክል ገበሬ ዛፉ የእሱ መሆኑን ይመን። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግልና የማኅበረሰብ የደን ባለቤትነትን አውቋል። ይህ ወረቀት ላይ ያለ መብት እስከ ወረዳው የፈቃድ መስኮት ድረስ ይድረስ። በገዛ ቡና ማሳው ያሳደገውን ዛፍ ለመሸጥ የሚንገላታ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ እኛም ብንሆን እንደዚያው እናደርግ ነበር።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መርሑ ያደረገ ተቋም ነው፤ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ ይልካል። እንግዲያውስ መንገዱ በሁለቱም በኩል ይከፈት፤ ጠራቢው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀርከሃ ሸማኔው በእንግድነት ሳይሆን በአስተማሪነት፣ በሰዓት ክፍያ ክፍል ይግቡ። ወጣቱ መሐንዲስ የዝናብ ልክ ከኮምፒውተር ያውቃል፤ ያ ዝናብ አንድን እንጨት በ20 ዓመት ምን እንደሚያደርገው የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው።

የከተማ አስተዳደሮች፣ ባንኮችና ሆቴሎች አንድ ወለል ብቻ ይስጡን። ሕንፃውን በሙሉ አላልንም። አንድ የእንግዳ መቀበያ ወይም አንድ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ዕቃው እዚያው ወረዳ ይሠራ። የኮሪደሩ አግዳሚ ወንበሮች ጨረታ ሲወጣም የአካባቢው ማኅበራት ሊወዳደሩ በሚችሉበት መጠን ተቆራርጦ ይውጣ። ሺህ ወንበር በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ጨረታ መጥረቢያ ይዞ ለሚሠራ ሰው አልወጣም።

አራተኛው የእኛው ነው። ጎጆ ልንወጣ፣ ሦስት ጉልቻ ልንመሠርት የምናስብ የከተማ ልጆች ነን። ኪሳችን ሶፋውን በሙሉ በጠራቢ እጅ ለማሠራት ላይችል ይችላል። አንድ በርጩማ ግን ይችላል። ስንገዛ ዋጋ ከመከራከራችን በፊት «የማን ሥራ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ሻጩ ካላወቀ በሚቀጥለው ሐሙስ ጠይቆ እንዲመጣ እንንገረው። ጥያቄው ከበዛበት ማወቁ አይቀርም። ከወንበሩ ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታም ቢሆን፣ የጠራቢው ስም በመሮ ይቀረጽ። ያኔ የጠራቢው ልጅ ከወንበሩ ሥር ያለውን የአባቱን ስም ያነብባል፤ መጥረቢያውን ለማንሣት ወይም ለመተው የሚወስነውም አይቶ ይሆናል።

ቸር እንሰንብት።